ፍርድ ቤቱ ጥግ ያለችው የጽሕፈት ሱቅ፦ ከ5 ኮከብ 4 (አንዷ ለምን እንደተቀነሰች እነግራችኋለሁ)

ደሴ ላይ ክስ ወይ መልስ አጽፎ የሚያውቅ ሰው ሱቋን አያጣትም ብዬ ስሟን አልጽፍም፣ ደግሞ ታፔላዋም ግማሹ ተልጦ "ሕፈትና ኮፒ" የሚለው ብቻ ነው የቀረው ስለዚህ ስም አላት ማለቱም ይከብዳል። ከፍርድ ቤቱ ወጣ ትሉና ሶፍትና ማስቲካ የሚሸጠውን ልጅ አለፍ ብላችሁ አንድ የብረት በር አለ፣ ውስጡ ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ዕድሜ የጠገበ ኮፒ ማሽን፣ አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር፣ ጥግ ላይ ከሰል ላይ የተጣደች ጀበና። ያቺ ናት።

እኔ ጠበቃ ነኝ። ቢሮ አለኝ፣ ላፕቶፕ አለኝ፣ ፕሪንተርም ነበረኝ። ነበረኝ ያልኩት ቶነሩ አልቆ ከተቀመጠ ስለቆየ ነው፣ ቶነር ከማስሞላት እዛች ሱቅ ሄዶ ማስወጣት ይረክሳል ብዬ ሂሳብ ሠርቼ ነው የተውኩት፣ ሂሳቤ ልክ ይሁን አይሁን መጨረሻ ላይ ታዩታላችሁ።

በጥሩ ጥሩው ልጀምር። እትዬ፣ ባለቤቷን ሁላችንም እንደዛ ነው የምንላቸው፣ ሕግ ትምህርት ቤት ደጁንም አልረገጡም ግን ከብዙ ጀማሪ ጠበቃ በላይ ቁጥር ያውቃሉ። ገብታችሁ "መቃወሚያ ላስጽፍ ነበር" ስትሉ ከኪቦርዱ ቀና ሳይሉ "358 ነው 418?" ነው የሚሏችሁ። ላልገባው ሰው፣ ሁለቱም የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥሮች ናቸው፣ 358 አንተ በሌለህበት ክርክር ተፈርዶ ፍርዱ መብትህን ሲነካው ነው፣ 418 ደግሞ የሌላ ሰው ዕዳ ማስፈጸሚያ ተብሎ ያንተን ላም ወይ ያንተን ፍሪጅ ሲይዙብህ ነው። ቼክ ይዛችሁ ከመጣችሁ 284ን ሳትነግሯቸው ይጽፉታል፣ በአጭር ሥነ ሥርዓት ይታይልኝ ማለት ነው። መጨረሻ ላይ ያለችዋን "በፍ/ብ/ሥ/ሥ/ሕ/ቁ 92 መሠረት በእውነት የቀረበ መሆኑን አረጋግጣለሁ" የምትለዋንማ ዐይናቸውን ጨፍነው ነው የሚመቷት፣ አንዴ የሰርግ መጥሪያ ሲጽፉ እጃቸው ለምዶባቸው ከታች 92ን ጨምረውባታል ይባላል፣ እኔ አላየሁም ግን አላምንም ማለት አልችልም።

ፍጥነት ላይ ወደር የላቸውም። አራት ገጽ ክስ እያነበባችሁላቸው ከ25 ደቂቃ አይበልጥም፣ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ከደረሳችሁ 3 ሰዓት ሬጅስትራር ጋ ናችሁ። ዋጋ፦ ጽሕፈት በገጽ 30 ብር፣ ኮፒ 5 ብር፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ በማርከር "መብራት ከሌለ +5" የሚል ወረቀት አለ፣ ጄነሬተሩን የሚያስነሳው የእህታቸው ልጅ ነው፣ ገመዱን ሦስቴ ስቦ ካልተነሳለት ማሽኑን ሳይሆን ጦሳ ተራራን ነው ቀና ብሎ የሚያየው፣ የተራራው ጥፋት ይመስል። የደሴ ጠዋት ብርዱን ታውቁታላችሁ፣ ጉሙ እስከ በሩ ይመጣል፣ ጀበናዋ አጠገብ የተቀመጠ ሰው ተራው ቢደርስም አይነሳም። ቡናው በነፃ ነው ግን አቦሉን ጠጥቶ መሄድ ነውር ነው፣ በረካ ሳትጠጡ ከወጣችሁ እትዬ ቅር ይላቸዋል፣ ስለዚህ የተቸኮለ ሰው ከጀበናው ራቅ ብሎ ይቀመጥ።

አንድ ቴክኒካል ነገር። እሳቸው አሁንም በድሮው የአማርኛ መጻፊያ፣ በፓወር ግዕዝ ነው የሚጽፉት፣ ፍላሽ ላይ ጭናችሁ ቢሮ ስትከፍቱት ክሳችሁ በላቲን ፊደልና በጥያቄ ምልክት ተሞልቶ ታገኙታላችሁ። ፒዲኤፍ አድርጉልኝ በሉ። ካላላችሁ አያደርጉላችሁም።

አሁን ወደ ስህተቱ፣ ጥፋቱ ግማሹ የኔ ነው። ባለፈው ዓመት ለአንዲት ደንበኛዬ ተራ የብድር ክስ ሳስጽፍ እትዬ አልነበሩም፣ የእህታቸው ልጅ ነው የተቀበለኝ። ልጁ የሚሠራው በድሮ ፋይል ላይ ነው፣ ስም ቀይሮ፣ ብር ቀይሮ፣ ቀን ቀይሮ። እኔ ጠርዙ ላይ በእስክሪብቶ "ከሳሽ" ብዬ የጻፍኩትን "ከሳሪ" ብሎ አነበበው፣ እርማት መሰለውና በአንድ ጊዜ ከላይ እስከታች ቀየረው። እኔ ደግሞ ሳላነብ ፈረምኩ። ችሎት ቆሜ ዳኛው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው "ጠበቃ፣ ደንበኛዎ ክሱን ሳይጀምሩት ከሰሩ እንዴ?" አሉኝ። ያን ጊዜ ነው ወረቀቱን ያየሁት፣ ከሳሪ ወይዘሮ እገሊት፣ ከታች ደግሞ፣ ይሄ የባሰው ነው፣ "ተከሳሪ"። ተከሳሪ የሚባል ቃል በአማርኛ የለም፣ ካሁን በኋላ ግን ሊኖር ይገባል ብዬ አስባለሁ፣ ሌላ ሰው ያከሰረው ሰው ማለት ነው።

ከዛ ቀን ጀምሮ ግን ከአእምሮዬ አልጠፋ አለ። ከሰሰና ከሰረ፣ አንዲት ፊደል ናት'ኮ ልዩነቷ። ስንት ሰው አየሁ ሰኞ ከስሶ በዓመቱ የከሰረ፣ የዳኝነት ከፍሎ፣ የጠበቃ ከፍሎ፣ ምስክር ከኩታበር በባጃጅ አምጥቶ ምሳ አብልቶ፣ ፍርዱን አግኝቶ አፈጻጸም ላይ ባለዕዳው ጋ ሲደርስ አንድ አልጋና ድስት። አልጋውንና ድስቱንም አትነካውም፣ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓቱ 404 ሰው የሚለብሰውን፣ የሚያበስልበትን፣ የሚተኛበትን፣ እንጀራ የሚበላበትን መሣሪያ አትያዝበት ይላል። የልብስ ስፌት መኪና ይዤበት ልሂድ ብሎ እዛው አግዳሚ ላይ የተከራከረኝ ሰው ነበር፣ ሰውዬው ሰፊ ነው፣ መኪናው እንጀራው ነው፣ አይሆንም ብለው ቀድመው ያስረዱት እትዬ ናቸው።

አግዳሚዋ ራሷን ችላ አንድ አንቀጽ ትገባታለች። ሱቋ አንዲት ናት፣ ስለዚህ ከሳሽና ተከሳሽ ጎን ለጎን ነው የሚቀመጡት፣ አንዱ ክስ አንዱ መልስ እያስጻፈ። ድሮ አበዳሪና ተበዳሪ በሰንሰለት ወይ በነጠላ ጫፍ ተቋጥረው ዕዳው እስኪከፈል አብረው ይውሉ ነበር፣ ቁራኛ የሚባለው፣ ዛሬም "ዐይነ ቁራኛ" የምንለው ከዛ የቀረ ነው። እትዬ ቤት ሰንሰለት የለም፣ ወንበሩ ግን ጠባብ ነው፣ ቡናም ሲቀዳ ለሁለቱም ነው የሚቀዳው። አንድ ሁለቴ እዛው ተስማምተው ክሱ ሳይጠናቀቅ ተነስተው ሲሄዱ አይቻለሁ፣ የተጻፈውን ገጽ ግን እትዬ ያስከፍላሉ።

አንድ ደንበኛዬን ይዤ የሄድኩበትን ቀን ልንገራችሁ፣ ዝርዝሩን ሆን ብዬ አደበላልቄዋለሁ። የጨርቅ ነጋዴ ነው፣ ትልቅ ሰው፣ አያ እንበላቸው። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴ የገባ ጊዜ ሱቃቸው ተዘረፈ፣ የባንክ ብድሩ ግን አልተዘረፈም። ተንቀሳቀሱ፣ ቼክ ጻፉ፣ እቁብ ገቡ፣ ሲያንሰራሩ ደግሞ ሐምሌ 2016 ላይ የዶላሩ ነገር መጣ፣ ምንዛሬው በገበያ ይወሰን ተባለና ብሩ ወደቀ፣ ያ ጨርቅ በድሮው ዋጋ አልገኝ አለ። አንድ ፌስታል ወረቀትና አንድ ደብተር ይዘው መጡ፣ "ልጄ፣ እጄ አጥሯል፣ ሕጉ አንድ ነገር አለው አሉኝ" አሉኝ።

እኔ ደግሞ ያቺን የመሰለች ዕድል ሳገኝ ማስተማር እወዳለሁ፣ አግዳሚዋ ላይ ጀመርኩ። የ1952ቱ ንግድ ሕግ፣ ኤስካራ የሚባል ፈረንሳዊ የጀመረው፣ እሱ ሲሞት ዦፍሬ የጨረሰው፣ አንድ ሙሉ ክፍል ስለ ኪሳራ ነበረው፣ ለነጋዴና ለንግድ ማኅበር። እኔ ጠበቃው ብከስር በዛ ሕግ ከስረሃል ብሎ የሚያውጅልኝ ዳኛ አልነበረም፣ ጠበቃ ነጋዴ አይደለማ። በ2013 ደግሞ አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ 1243፣ ያንን ክፍል እንዳለ ቀየረው። አሁን ከስሮ ሱቅ መዝጋት ብቻ አይደለም፣ መክፈል ሳታቆም ገና ጉድጓዱ ሲታይህ ከአበዳሪዎችህ ጋር ዕዳህን ማሸጋሸግ አለ፣ ካቆምክ በኋላም ድርጅቱ መዳን የሚችል ከሆነ መልሶ ማደራጀት አለ፣ የማይድን ከሆነ ነው ንብረቱ ተጣርቶ የሚከፋፈለው። ለትንንሽ ነጋዴም ያጠረ መንገድ አለው። ጉዳዩ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው የሚታየው። ዋናው ጥቅሙ አበዳሪ ሁሉ ለየብቻው የሚሯሯጠው ይቆማል፣ ቀድሞ የደረሰ ሁሉን ጠራርጎ አይወስድም፣ በወረፋ ይሆናል።

አያ ዝም ብለው ሰሙኝና "ታዲያ ወረቀቱ ላይ 'ከሰርኩ' ተብሎ ይጻፋል?" አሉ።

ይጻፋል አልኩ። እትዬ እጃቸውን ከኪቦርዱ አነሱ። "እጄ አጥሯል ቢባል አይሆንም?" አሉኝ። አይሆንም፣ ሕጉ የሚያውቀው ክፍያ ማቆም ነው። "ተቸግሬያለሁስ?" እትዬ፣ ዳኛው ምን ችግር ብሎ ነው የሚጠይቀኝ። ይሄ ክርክር ሃያ ደቂቃ ፈጀ፣ ጀነሬተሩም ጠፋ፣ ተነሳ፣ አያ ግን "ከሰርኩ" የምትለው ቃል ላይ ሲደርሱ ፊታቸው ይለወጣል፣ ወሎ ውስጥ እኮ "እገሌ ከሰረ" የሚለው ወሬ ከሱቁ ቀድሞ ሴት ልጁ የምትዳርበት ቤት ነው የሚደርሰው። አዋጁን ያረቀቁት ሰዎች ይቺን ነገር ያሰቡባት አይመስለኝም፣ የሚያድን መንገድ ሠርተው በሩ ላይ ሰው ሊገባበት የሚያፍርበትን ስም ለጠፉበት።

ከዛ ደብተሩን ከፈትነው። እዚህ ላይ ነው እኔ የተማርኩት። አያ ለስድስት ወር ለባንኩ አልከፈሉም፣ ሁለት ቼክ ደረቅ ሆኖ ተመልሷል፣ ደረቅ ቼክ ደግሞ ቀልድ አይደለም፣ የወንጀል ሕጉ 693 እስር ያመጣል። እቁቡን ግን አንድ ሳምንት አላሳለፉም! በየሳምንቱ፣ አንድም ሳይቀር። ለምን ስላቸው፣ የእቁቡ ዋስ የሚስታቸው ወንድም ነው። ቀጥሎ የከፈሉት ለጎረቤት የሥጋ ሱቅ ዱቤ፣ ቀጥሎ ለልጆቹ አስተማሪ። ባንኩ፣ ቤታቸውን በመያዣ የያዘው፣ ሕጉ ከፊት የሚያሰልፈው፣ መጨረሻ። ሰው የሚከፍለው በሚያፍርበት ተራ ነው፣ ዐሥራ ምናምን ዓመት ሠርቼ ይቺን ከደብተር ነው ያየሁት። ሕጉ ደግሞ ይሄን አይወድም፣ መክፈል ካቆምክ በኋላ አንዱን መርጠህ ከፍለህ ሌላውን ብትተው፣ ወይም ቤቱን ለወንድምህ በስጦታ ብታዞር፣ ኋላ ተመልሶ ሊፈርስ ይችላል። ቤቱን ለልጃቸው ማዞር አስበው ነበር፣ ተዉት አልኳቸው።

ጦርነቱስ አሉኝ። እሱ እውነት ነው፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ 1793 ላይ ጦርነት ከዐቅም በላይ ከሚባሉት ውስጥ በስሙ ተጽፏል። ግን ጨርቅ አስረክባለሁ ላለ ሰውና ብር እመልሳለሁ ላለ ሰው እኩል አይሠራም፣ ብር ከአንዱ ቦታ ቢዘረፍ ከሌላ ቦታ ይፈለጋል ይልሃል አበዳሪው። የዶላሩ ነገርማ ጭራሽ፣ 1794 የጥሬ ዕቃ ዋጋ መወደድ ከዐቅም በላይ አይደለም ብሎ ዘግቶታል።

እትዬ ይሄን ሁሉ ሰምተው "ቁርኣኑ'ኮ የተቸገረ ባለዕዳ እስኪያገኝ ድረስ ጠብቁት ይላል" አሉ፣ ለኔ ይሁን ለአዋጁ አላወቅኩም። አግዳሚው ጫፍ ላይ የነበሩ ቄስ ደግሞ፣ መሬት ጉዳይ ሊያስጽፉ የመጡ፣ "እውነትዎን ነው" አሉ። ይሄ የተለመደ የወሎ ነገር ስለሆነ አልገረመኝም፣ የገረመኝ አያ ናቸው፣ "እንግዲያው ሽማግሌ ይሞከር" ብለው ተነሱ።

አቤቱታው አልገባም። ሽማግሌ ተቀመጠ (አበጋር የሚባሉት የወሎ ባህላዊ አስታራቂዎች ጋ ድረስ አልተኬደም፣ አበጋር ለደም ነው፣ ለብድር የሰፈር ሽማግሌ ይበቃል)፣ ቼክ የያዙት ሁለቱ ሰዎች ጊዜ ሰጡ፣ ቼካቸውን መለሱ። ባንክ ግን ሽምግልና አይመጣም። ባንክ የሚመጣው በአዋጅ 97/1990 ነው፣ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ያለ ፍርድ ቤት መያዣውን በሐራጅ መሸጥ ይችላል፣ አገራችን ውስጥ የኪሳራ መዝገብ ብዙ የማይታየው ለዚህም ጭምር ነው ባይ ነኝ፣ ትልቁ አበዳሪ ወረፋው ውስጥ መቆም አያስፈልገውማ። ማስጠንቀቂያው ሲመጣ በ30 ቀኑ ውስጥ ስንት ደብዳቤ እንደጻፍን እትዬ ያውቁታል፣ በመጨረሻ ብድሩ ተራዘመ፣ አያ አሁንም እየከፈሉ ነው፣ እንዴት እንደሚያልቅ አላህ ያውቃል።

አሁን የተቀነሰችው ኮከብ። ይሄ ሁሉ ሲሆን የአያ ፋይል እዛ ኮምፒውተር ዴስክቶፕ ላይ "ኪሳራ የመጨረሻ 2" በሚል ስም ተቀምጦ ነበር፣ አጠገቡ የሌላ ሰው ፍቺ፣ አጠገቡ የሌላ ሰው ውርስ። ከተቀመጥክበት አንገትህን ብታዘነብል ታነበዋለህ። ሰውዬው ያቺን ቃል ላለማጻፍ ሃያ ደቂቃ ተከራክረው ስክሪን ላይ በትልቁ ተጽፋ ስታድር አይሆንም። ለእትዬ ነግሬያቸዋለሁ፣ "የሰው ፋይል ከፍቼ አላውቅም" አሉኝ፣ አምናቸዋለሁ፣ ችግሩ ግን እሳቸው አይደሉም፣ ወንበሩ ነው። ስለዚህ ምክሬ፣ ጉዳያችሁ ስስ ከሆነ በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ፣ አስወጥታችሁ ከዴስክቶፕ አስጠፉ፣ ከሪሳይክል ቢንም አስጠፉ፣ ልጁ ላይ ቆማችሁ። ጠበቃ ለሆናችሁ ደግሞ፣ ሳታነቡ አትፈርሙ፣ በተለይ ልጁ የጻፈው ከሆነ፣ "ከሳሪ" ብላችሁ ፈልጉ።

ሰዓት፦ ጠዋት 2 ሰዓት ይከፍታሉ፣ ዓርብ ለጁምዓ ከ6 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ይዘጋል፣ ቅዳሜ ግማሽ ቀን። የቀጠሮ ቀን ማለዳ ወረፋ አለ፣ የቻላችሁ ከዋዜማው ከሰዓት ጨርሱ። ዝርዝር ብር ያዙ፣ መልስ የላቸውም።

ዱቤ ይሰጣሉ፣ ግን ለማንም አይደለም። ሰማያዊ ደብተር አላቸው፣ በየገጹ ስም፣ የገጽ ብዛት፣ ብር። አንድ ቀን ኮፒ እስኪወጣ ገለጥ አደረግኩት፣ የከተማው ጠበቃ ግማሹ እዛ አለ። አያ የሉበትም። ያን ቀን የተጻፈውን፣ ያልገባውን አቤቱታ፣ አራት ገጽ በጄነሬተር፣ 140 ብር፣ "ዱቤ ይሁንልዎ" ሲሏቸው እምቢ ብለው ከኪሳቸው ቆጥረው ነው የሄዱት። እኔ ሦስተኛው ገጽ ላይ ነኝ፣ 340 ብር፣ መያዣ የሌለው፣ ዋስ የሌለው፣ ቶነሩን ባስሞላው ይሻለኝ ነበር እንግዲህ። ትናንት ሳልፍ "ሰኞ እከፍላለሁ እትዬ" አልኳቸው።

"አብሽር ልጄ" አሉኝ፣ "የትኛው ሰኞ?"